በበጋ የሚፈስ ቦይ

ባለፈው ሳምንት አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ መንገዱን ቆፍረውታል። አዲስ የጎርፍ መውረጃ ሊቀብሩ ነው። መድኃኒቴን ልወስድ ስሄድ ሰው ጉድጓዱን ከቦ አየሁና እኔም እንደ ሥራ ፈት ቆምኩ። የቆፋሪው መኪና ከሥር አንድ አሮጌ ቱቦ አግኝቶ ሰብሮታል። ከስባሪው ውስጥ ጥቁር ጭቃ ይንጠባጠባል። ሽታው ወጣ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን ያንን ሽታ አውቀዋለሁና አልያዝኩም።  ቢጫ ቆብ ያደረገ ወጣት፣ መሐንዲስ ነው መሰለኝ፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ቱቦውን ያያል። ከቆምነው ሁሉ ሽበታም እኔ ስለነበርኩ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ የሰፈሩ ሰው ነዎት?»

«ነኝ።»

«ይሄ መስመር ካርታችን ላይ የለም። ማን እንደቀበረው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አልኩት።

አውቃለሁ። ማን እንዳስቀበረው፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ፣ ስንት ክንድ እንደሚርቅ ሁሉ አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ፣ ማንን ፈርቼ እንደዋሸሁ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ በራሴ ተናደድኩ፤ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ስለዚህ ልጻፈው። የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ነው ያለኝ፤ ጽሑፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሠኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ማምሻው ላይ። ዓመቱን አልቆጥርም። ያኔ ኮልፌ የከተማው ጫፍ ነበረች። ዛሬ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም የምንቆጥርበት አገር ሁሉ የጤፍና የባቄላ ማሳ ነው፤ በመስከረም ከበራችን ላይ ቆመን ቢጫውን እናያለን። አውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ ከነፓስቲው ሃያ አምስት። ጎረምሳው ሱሪው ከታች መንገድ ይጠርጋል፤ ጸጉሩ ደግሞ በር አላስገባ ይላል። እኔም አንድ ቡናማ ቤል ቦተም ነበረኝ። ወንድሜ ጌታሁን ነው የገዛልኝ፤ ሲያየኝ ግን «አንተ አሥረኛ፣ በዚህ ሱሪ ቦይ ብትጠርግ እኮ መጥረጊያ አያስፈልግህም» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ስሜን አይጠራም፤ «አሥረኛ» ነው የሚለኝ፤ ከዚያ በፊት «ዘጠነኛ» ነበርኩ። እሱ ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣው። አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዱ መሥራት ነበረበት፤ ትልቁ እሱ ነው።

ጌታሁን የከተማው ቦይ ጠራጊዎች ካቦ ነበር። መሥሪያ ቤቱን ስሙን አልጠራም። ካኪ ካፖርት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ቦቲ፣ የብረት ክዳን የሚያነሣበት ቆልማማ ብረት። ክረምት ሲገባ ቦይ ጠራጊን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፣ ይለምነዋል፤ ቤቴን ጎርፍ ወሰደው ይለዋል። በበጋ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጌታሁን ግን ሥራዬ የበጋ ነው ይል ነበር። «ቦይ የተሠራው ለዝናብ ነው» ይለኛል። «ዝናብ በሌለበት የሚፈስ ቦይ ካየህ ውስጡ ሌባ አለ። ሌባውን በክረምት አትይዘውም፤ ጎርፉ ይሸፍነዋል። በጥር ነው የሚያዘው።» ስለዚህ ሰው ሁሉ ስለ ጥምቀት ልብሱ በሚያስብበት ወር እሱ ከዘነበወርቅ በኩል እስከ እኛ ድረስ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል። ክዳኑን ያነሣል፣ ያያል፣ ይከድናል። ደረቅ ከሆነ ያልፋል። እርጥብ ከሆነ ወደ ላይ ወደሚቀጥለው ክዳን ይወጣል። ላይኛው ደረቅ፣ ታችኛው እርጥብ ከሆነ ሌባው በሁለቱ መካከል ነው። ይሄው ነው ጥበቡ። ዛሬ ያ ቢጫ ቆብ ያደረገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ከዚህ ይለይ እንደሆነ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ሌባው የተገኘው በማዞሪያው አጠገብ ባሉት ሁለት ክዳኖች መካከል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግቢ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የግራዝማች ቡና ቤት። ግራዝማች የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ቡና ቤታቸው ሳንቲም ሲጨምሩበት የሚዘፍን የሙዚቃ ሳጥን ነበረው፤ የፍቅር ዘፈኑ እስከ እኛ ቤት ይሰማል፤ እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም ያንን ዜማ ስሰማ ደስ የሚለኝ ነገር አለ፤ ያም ያናድደኛል። ሰንሰለቱን ሲስቡት ውሃ የሚለቅ ሽንት ቤት በሰፈራችን የመጀመሪያው የእሳቸው ነው። ሰው ሊያየው ብቻ ይሄድ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። ጉድጓድ ማስቆፈር ነበረባቸው፤ አላስቆፈሩም። በስርቆት ቱቦ ቀብረው ከጎርፉ ቦይ ጋር አገናኙት። ቦዩ ወንዝ ይገባል። በወንዙ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ። በየበጋው የልጆቹ ገላ ያሳክካል፣ ሆዳቸው ይታመማል፤ እናቶች ፀሐዩ ነው ይላሉ።

ግራዝማች ደግሞ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ይህን ያላወቀ ቀጥሎ የሆነውን አይረዳም። እድር ማለት ያኔ እናቴን ለመሰለች ሴት ከመንግሥት ይበልጣል።

ማስረጃ ያስፈልጋል አለ ጌታሁን። ማስረጃው ቀለም ነው። ከገበያ የስፌት ቀለም ገዛ፤ ሴቶች አለላ የሚያቀልሙበትን ቀዩን፣ አንዱ ጥቅል አሥር ሳንቲም፣ ሦስት ጥቅል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከላይ ትጨምራለህ፣ ከታች ትጠብቃለህ። ግራዝማች ለክርክር ፍርድ ቤት የሚውሉበትን ቀን መረጠ። የእኔን የተማሪ ኮት ለበሰና እንደ ጠጪ ገባ። አስተናጋጇ እልፍነሽ ያለችውን በኋላ እያስመሰለ ነግሮናል።

«ምን ልታዘዝ?»

«መጀመሪያ ሽንት ቤት።»

«ሽንት ቤቱ ለሚጠጣ ሰው ነው፣ ወንድም።»

«እጠጣለሁ እህቴ፤ ቦታ ላስለቅቅለት ብዬ ነው።»

እኔና የሥራ ጓደኛው ወልዴ ታችኛውን ክዳን አንሥተን ተንበርክከናል። ወልዴ ጉራጌ ነው፤ አፉ አያርፍም። «አሥረኛ፣ እንዲህ ተንበርክከህ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ እናትህ እንዴት ደስ ይላት ነበር» ይለኛል። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሰ። ከሥር ውሃው መጀመሪያ ሮዝ፣ ቀጥሎ የበሬ ደም መሰለ። «መጣ! መጣ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ተቃቅፈን ዘለልን። የተሳሳትነውን ያወቅነው ከወንዙ በኩል ጩኸት ስንሰማ ነው።

ለጥምቀት አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ አለመዝነቡን የቆጠርን ሰዎች ጥምቀትን አልቆጠርንም። የሰፈሩ ሴት በሙሉ ነጭ ልብሱን ይዞ ወንዝ ወርዷል። ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ የልጆቹ እጀ ጠባብ፣ ሁሉም ሮዝ ሆነ። ወደ ማዞሪያው እየጮሁ ወጡ። ጌታሁን ከቡና ቤቱ ወጥቶ ከፊታቸው ቆመ።

«ለታቦት የምለብሰውን! ለታቦት!» አለች አንዷ፣ የሚንጠባጠበውን ነጠላ ፊቱ ላይ ዘርግታ።

«እትዬ፣ ቀለሙ ይለቃል። ቀለሙን ሳይሆን ቀለሙ የመጣበትን እዩ። የሽንት ቤት ውሃ ነው የምታጥቡበት።»

«የመጣበትማ ከአንተ እጅ ነው! እጅህን እየው!»

እጁ እስከ ክንዱ ቀይ ነበር።

ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። ስንት ዓመት በሰገራ ያጠቡ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን በሰገራ ያዋኙ ሰዎች፣ አንድ ቀን አልጮሁም። በቀለም ጮኹ። ቆሻሻው መልክ ስላልነበረው ነው? ወይስ የቆሻሻው ባለቤት ግራዝማች፣ የቀለሙ ባለቤት ቦይ ጠራጊ ስለሆነ ነው? እኔ ሁለተኛው ነው እላለሁ።

በማግሥቱ ጌታሁን እየነገረኝ ጻፍኩ። እሱ ስሙን ከመፈረም በላይ አይጽፍም፤ ሪፖርቱን ሁሉ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ከየትኛው ክዳን እስከ የትኛው፣ በስንት ክንድ ጥልቀት፣ ያለ ፈቃድ ከጎርፍ ቦይ ጋር የተገናኘ የፍሳሽ ቱቦ መኖሩን፣ በቀለም መረጋገጡን። እሱ ፈረመ፤ ወልዴ በምስክርነት አውራ ጣቱን አሳረፈ። ወረቀቱ መሥሪያ ቤት ገባ።

ጥምቀት አለፈ። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የፊተኛው መሪጌታ ናቸው፤ ሁላችንንም ፊደል ያስቆጠሩን። እናቴ አግዳሚውን አራገፈች፣ ቁጭ አሉ።

«ልጄ ጌታሁን» አሉ መሪጌታ፣ «እርቅ ፈልገን ነው የመጣን።»

«ከማን ጋር ተጣላሁ፣ የኔታ?»

«ከግራዝማች ጋር ነዋ።»

«እኔ ከግራዝማች ጋር ጠብ የለኝም። ቱቦው ይነሣ ነው ያልኩት። ቱቦ ይታረቃል እንዴ?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ አመለጣቸው። መሪጌታ በዓይናቸው ገሠጿቸው። «አትቀልድ። መጀመሪያ ሰው ይታረቃል፤ ቱቦው በሰዓቱ ይነሣል። ከክረምት በፊት አነሣዋለሁ ብለው በልጆቻቸው ስም ምለዋል። አንተ ደግሞ ያቺን ወረቀት ትስባለህ። የሰው ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ አይቆይም።»

«የኔታ፣ ወረቀቷ ካልቆየች ቱቦውም አይነሣም።»

«እኛን አላመንከንም?»

ይህን ጥያቄ እንዴት ይመልሰዋል? በእኛ አገር ሽማግሌ ደጅህ ከመጣ እምቢ ማለት አባትህን ከመቃብር አውጥቶ እንደመምታት ነው። እነሱም ያውቁታል፤ ስለሚያውቁት ነው የሚመጡት። ጌታሁን ግን መሬት መሬት ያያል፤ እምቢ ሊል ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲልም ተመኘሁ። ያን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ወጣች።

«ጌታሁኔ፣ አባትህን ማን ቀበረው?»

«እማዬ፣ ተይ።»

«ማን ቀበረው? እነዚህ አይደሉም? ከእድሩ ቢያስወጡን እኔን ማን ይቀብረኛል? ውሻ ነኝ? በአንድ ቱቦ እናትህን ሜዳ ላይ ትጥላለህ?»

ዞሮ አየኝ። «አሥረኛ፣ ብዕርህን አምጣ» አለኝ።

«ምን ልበል?»

«ተሳስቼ ነው በል። ቱቦ አላገኘሁም በል።»

ጻፍኩት። ስርዝ ድልዝ የለውም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። መስመሩ ቀጥ ብሎ፣ ፊደሉ አምሮ ጻፍኩት። መሪጌታ አንሥተው አነበቡና «የተባረከ እጅ!» ብለው መረቁኝ። ወዲያው ግራዝማች ተጠሩ፤ ከደጅ ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው። ጌታሁን ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ «ተው ልጄ፣ ተው» ብለው ሳይነካቸው ቀና አደረጉት። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። እርቅ ወረደ ተባለ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ እናት፣ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆነን ሽንት ቤት አስታረቅን። ዛሬም በየሰፈሩ እንዲህ ያለ እርቅ አያለሁ። ነገሩ እንዳለ ይቀራል፣ ሰው ይሳሳማል፣ ከዚያ ሰላም ሆነ ይባላል።

የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። ቱቦው አልተነሣም። ጌታሁን ጨዋታው ቀነሰ። በማዞሪያው ሲያልፍ ክዳኑን ይረግጠዋል እንጂ አያነሣውም። አንድ ቀን «ግራዝማች ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው «ሽማግሌዎቹን ጠይቅ» አለኝ። ጠየቅሁ። መሪጌታ «ልጅ በትልቅ ሰው ነገር አይገባም» አሉኝ። ወረቀቱን ስጽፍላቸው ግን ልጅ አልነበርኩም።

ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ጭቃና ድንጋይ ይዞ ወርዶ ቦዩን ከሥር ደፈነው። የቡና ቤቱ ፍሳሽ መሄጃ አጣና ወደ ኋላ ተመልሶ በግራዝማች ግቢ ላይ ወጣ። ያ ሁሉ የሰፈሩ ኩራት የነበረ ሽንት ቤት መሬቱ ላይ ተገለበጠ። ግራዝማች ታዲያ ምን አደረጉ? መሥሪያ ቤት ሄደው ከሰሱ። «የከተማው ቦይ ተደፍኖ ግቢዬን አጠፋው» አሉ። ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ወልዴ ነው። ኀላፊው ጌታሁንን ጠርቶ ገብተህ ክፈት አለው።

«ጌታዬ፣ ውስጡ የዝናብ ውሃ ብቻ አይደለም» አለ ጌታሁን። «የሽንት ቤት ፍሳሽ ለወራት ሲወርድበት ከርሞ አሁን ታምቆበታል፤ አየሩ ይመርዛል። ክዳኖቹ ተከፍተው ሁለት ቀን ይናፈስ። እንዲህ እንዳለ አይገባበትም።»

ኀላፊው መዝገቡን ገለጠ። «ቱቦ አላገኘሁም ብለህ ፈርመህ የለም እንዴ? ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን ፈርተሃል። የቱ ነው?»

ያኔ ዋሽቻለሁ ቢል ከሥራ ይባረራል፤ ሽማግሌዎቹንም፣ እናቱንም፣ እኔንም አሳልፎ መስጠት ነው። ፈርቻለሁ አላለም፤ ፈሪ አልነበረም።  ብረቱን አነሣና ወጣ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወረደ። ወልዴ ገመዱን ይዞ ከላይ ነበር። «ወልዴ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» አለው፤ ከዚያ «ቆይ» አለው፤ ከዚያ ምንም። ወልዴ ጎተተ፤ ገመዱ የታሰረው ከወገቡ ሳይሆን ከአካፋው ላይ ነበርና አካፋው ብቻ ወጣ። ወልዴ ተከትሎ ሊገባ ሲል ራሱን ሳተ፤ ሰዎች እግሩን ይዘው አወጡት። ጌታሁንን ያወጡት ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስለ ወንዞች ነበር ትምህርቱ። ዘበኛው መጥቶ ስሜን ሲጠራ፣ ካሳሁን ሲል፣ ማን እንደሆነ ትንሽ አሰብኩ። ቤት ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራኝ አልነበረም።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሰፈሩን ዞረ። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ። ቀብሩን ግራዝማች መሩት፤ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ጥላ ተይዞላቸው። አለቀሱ። እውነት አለቀሱ፤ አይቻለሁ፤ ሐሰት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በሰልስቱ ቀን ድንኳኑ ሙሉ ነው። ተነሥተው ስለ ጌታሁን ጨዋነት ተናገሩ። «ከሰው ጋር ተቀይሞ የማያድር፣ ታርቆ ያለፈ ልጅ ነው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነ» አሉ።

እኔ ተነሣሁ። «የእርስዎ ቱቦ ነው የገደለው» ልል ነበር፤ «የእርስዎ» ብዬ ቀረሁ። አንድ ሰው «ኀዘን ነው፣ ውሃ ስጡት» አለ። ከኋላዬ እናቴ ስትነሣ ሰማሁ። 

«ግራዝማች፣ ድንኳንዎን ያንሡልኝ።»

«ምን አልሽ እመቤቴ?»

«ድንኳንዎን፣ አግዳሚዎን፣ ድስትዎን። አሁን። ስሜን ከመዝገቡ ይሰርዙት።»

«ኧረ በማርያም!» አሉ መሪጌታ። «ሴትዮ፣ ኀዘንተኛ ተቀምጦ ድንኳን አይነሣም! ነገ ማን ይቀብርሻል?»

«ጅብ ይቅበረኝ» አለች። «የሚቀብረኝ ልጅ ነበረኝ። በእናንተ ፊት አሳልፌ ሰጠሁት።»

 ከዚያ ወልዴ ተነሣ፤ ዓይኑ ገና እንዳበጠ ነው። ሄዶ የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለ። ቀጥሎ ሌሎቹ ቦይ ጠራጊዎች ተነሡ። ሸራው ወረደ። ግማሹ ለቀስተኛ ግራዝማችን ተከትሎ ወጣ፤ ግማሹ ጭቃ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ማን እንደወጣ ማን እንደቀረ አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ልጻፍ አልጻፍ ብዬ አስቤ ትቼዋለሁ፤ ልጆቻቸው አሉ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ተነሥ። ጻፍ። መጀመሪያ የነገረህን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ከየትኛው ክዳን እስከ የትኛው፣ በስንት ክንድ ጥልቀት። በማግሥቱ በእግሬ ከኮልፌ እስከ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ፤ አውቶቡስ አላሰኘኝም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ መነጽር ያደረገ ጸሐፊ ተቀምጧል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጭ በል አለኝ። ወረቀቴን አነበበ። ተነሥቶ ከመደርደሪያው ፋይሉን አመጣ። የመጀመሪያው ሪፖርት የለም፤ ተስቧል። ያለው ሁለተኛው ነው። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አኖረና ፊደላቸውን አስተያየ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ልጄ፣ የሁለቱም ጽሕፈት ያንተ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አንዱ ቱቦ አለ ይላል። አንዱ የለም ይላል። የትኛውን ልመን?»

መልሱ ቀላል ነበር። ወንድሜ የሞተበትን እመን ማለት ነበረብኝ። ይህ መልስ የመጣልኝ ግን በእግሬ ስመለስ፣ ቤቴ ልደርስ ስል ነው። እዚያ፣ ከጠረጴዛው ፊት፣ በሁለቱ ያማሩ ጽሕፈቶቼ ላይ ዓይኔን አመላለስኩ።  ጸሐፊው ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ አድርጎ ፋይሉን ዘጋው።